“ያልፋል” ከማለታችን በፊት

ማክሰኞ ማለዳ ነው። የቤታችን አባወራ “አልነሳም” አለ።

አባወራ ስል ራሴን እንዳይመስላችሁ። እኔ በዚህ ቤት ሥልጣኔን ካጣሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። አባወራው የልጅ ልጄ ነው። ቴሌቪዥኑ የሚከፈተው እሱ በሚፈልገው ጣቢያ ነው፤ ምሳ የሚቀርበው እሱ ሲርበው ነው፤ ባለቤቴም “ዛሬ ምን ይሠራ?” ብላ የምታማክረው እሱን ነው። አባቱ ለትምህርት ውጭ አገር ነው። እናቱ፣ ማለትም ልጄ፣ ለመስክ ሥራ ወደ ሰመራ ስትሄድ ለሁለት ሳምንት ያህል እኛ ዘንድ ትታው ነበር።

“ተነስ እንጂ፣ ትምህርት ቤት ረፈደ!”

“አባባ፣ እግሬ እምቢ አለኝ።”

እምቢ ያለው እግሩ ሳይሆን ራሱ መስሎኝ ነበር። ለዚህም ምክንያት ነበረኝ። ሰኞ ማታ ከክፍል ጓደኛው ጋር በእርሳስ ተጣልቶ መጥቶ “ነገ አልሄድም” ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ደግሞ የተማሪን ሰበብ ከሩቁ ያሸታል። አንዲት አክስቱን በአንድ መንፈቀ ዓመት ሁለት ጊዜ የቀበረ ተማሪ ያየሁ ሰው ነኝ እኮ! በአምስት ዓመት ልጅ ልታለል? ብርድ ልብሱን ገፈፍኩና በሁለት ክንዶቹ ይዤ አቆምኩት።

“ቁም! ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ?”

ቆመ። ግን በአንድ እግሩ ነው የቆመው። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ አጠፍ፣ ወደ ውጭ ዘወር አድርጎ፣ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ መሬት እያስነካ፣ የወንበሩን መደገፊያ ጭብጥ አድርጎ ቆመ። ድምፅ አላሰማም። እንባው ግን ዝም ብሎ ይወርዳል። የሚያስመስል ልጅ ድምፁ ይበዛል፣ እንባው ያንሳል። የዚህኛው የተገላቢጦሽ ነበር። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

“የቱ ጋ ነው ያመመህ?”

ጉልበቱን አሳየኝ።

እናላችሁ፣ ጉልበቱን አገላብጠን አየነው። አላበጠም፣ አልቀላም፣ አልተላጠም፤ ሲነኩትም አይጮህም። “ወድቀሃል?” “አልወደቅኩም።” “የመታህ ሰው አለ?” “ማንም አልመታኝም።” ባለቤቴ ግንባሩን ዳሰሰችው፤ አይፋጅም። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ሲፈስ ሰንብቶ ነበር፤ እሱም ቢሆን ለቅቆታል።

በአገራችን የሐኪም እጥረት አለ ሲባል እሰማለሁ። በእኛ ሰፈር ግን እጥረቱ የበሽተኛ ነው። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በአባወራው አልጋ ዙሪያ የሐኪሞች ቦርድ ተሰየመ። የግቢው ዘበኛ “ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሽለት” አለ። ልብስ የምታጥብልን ሴት “ዓይን ነው፤ ትናንት በር ላይ ሲሮጥ ሰው ሁሉ ሲያየው ነበር” አለች። ሰፈሩ ሁሉ “እትዬ” ብቻ ብሎ የሚጠራቸው ጎረቤታችን ደግሞ “ወለምታ ነው፤ እኔ የማውቀው ወጌሻ በቅቤ አንድ ጊዜ ካሸው ነገውኑ ይሮጣል” ሲሉ ውሳኔ ሰጡ። ውሳኔያቸውን ከሰጡ በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጨመሩ፤

“ብቻ ልምሻ እንዳይሆን!”

የባለቤቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ልምሻ ምን እንደሆነ በመጽሐፍ አይደለም የሚያውቀው። ማታ ደህና ተኝተው ጠዋት እግራቸው የከዳቸው አብሮ አደጎች ነበሩን። ልጁ ክትባቱን አንድም ሳይጎድል ወስዷል። የአፍሪካ አህጉር ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗም በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ታውጇል። ይህን አውቃለሁ። ፍርሃት ግን ጋዜጣ አያነብም።

በዚሁ መሀል ልጄ ከሰመራ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ባለቤቴ ናት። “ደህና ነው፤ ለትምህርት ቤት እየለበሰ ነው” አለቻት። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷን አዞረች። መቼም ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ባህላችን ነው። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ቅርባችን ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ያየው ወጣት ባለሙያ ትሁት ነው፤ ፈጣንም ነው። “የቱ ጋ ያመዋል?” አለ። ጉልበቱን አሳየነው። የጉልበቱ ራጅ ተነሣ። ምንም የለውም። “እንግዲያው ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ለማንኛውም…” ብሎ አንድ የሚዋጥ ፈሳሽ አንቲባዮቲክ፣ አንድ የሚቀባ፣ አንድ ቫይታሚን አዘዘልን። “ለማንኛውም” የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በአገራችን ስንት መድኃኒት የሚታዘዘው ለበሽታው ሳይሆን “ለማንኛውም” ነው! እኛ ግን ደስ ብሎን ወጣን። ከረጢቱ ከበድ ይላል፤ ከረጢቱ ሲከብድ ልባችን ይቀላል።

መኪናው ውስጥ ስናስገባው ቀኝ እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ አስገባው። የራሱን እግር እንደ ዕቃ ተሸክሞ! ጉልበቱ ደህና ከሆነ ምን ሆኖ ነው? ባለቤቴ “መድኃኒቱን ምግብ ከበላ በኋላ እንሰጠዋለን” አለች። እኔ ግን መኪናውን ወደ ቤት ማዞር አልሆነልኝም። ያልሆነልኝ ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። እንደዚያ የታጠፈ እግር ከዚህ ቀደም አይቼ ስለማውቅ ነው።

የሕፃናት ሐኪም ያለበት አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄድን። ወረፋውን አላወራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ተራችን ደርሶ ስንገባ ሐኪሟ እንደ ልጄ ዕድሜ ያላት ሴት ናት። መጀመሪያ ልጁን አልነካችውም። “እስቲ እዚያች በር ድረስ ሄደህ ተመለስልኝ፤ ከቻልክ ብቻ” አለችው። እያነከሰ አራት እርምጃ ያህል ሄደ። ከዚያ በጀርባው አስተኝታ፣ ስለ ካርቱን እያወራችው፣ እግሩን እንደ መዳመጫ ድንጋይ በቀስታ ወዲህና ወዲያ አንከባለለችው። ጉልበቱን አጥፋ ስትዘረጋው ዝም ያለው ልጅ፣ ጭኑን ወደ ውስጥ ስታዞረው “አይ!” ብሎ እጇን ያዘ።

“ሰሞኑን ጉንፋን ነገር ይዞት ነበር?” አለች።

“እንዴት አወቅሽ?”

“ያመመው ጉልበቱ አይደለም፣ ጋሼ። ዳሌው ነው።”

ነገሩን ያስረዳችኝ በትዕግሥት ነው። የዳሌን መገጣጠሚያና ጉልበትን የሚያገለግል አንድ የጋራ ነርቭ አለ፤ ስለዚህ ዳሌ ሲታመም ልጁ ሕመሙ የሚሰማው ጭኑ ላይ ወይም ጉልበቱ ላይ ሊሆን ይችላል። ልጁ አልዋሸም፤ የዋሸው ነርቩ ነው። “ያነከሰ ልጅ ጉልበቴን ሲል ዳሌውንም እይ” የሚባለው ለዚህ ነው አለችኝ። የጉልበት ራጅ ተነስቶ ምንም ያልተገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሌባው ሳሎን ገብቶ እኛ ጓዳ ስንፈትሽ ነበር ማለት ነው።

“አንቲባዮቲኩን ጀምራችሁለታል?”

“አልጀመርንም።”

“ጥሩ አድርጋችኋል። መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ካለ፣ ሳንመረምር መድኃኒት መጀመር ነገሩን ይሸፍንብናል።”

መግል! ለደም ምርመራ፣ ለአልትራሳውንድና ለዳሌ ራጅ ልካን ውጤት እስኪመጣ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ልጁ ባለቤቴ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ግን በሐሳብ ወደ ሌላ ዘመን፣ ወደ ሌላ ልጅ ሄድኩ።

1964 ዓ.ም. ነው። ጎጃም፣ ከከተማ የአንድ ቀን መንገድ የራቀ ገጠር። ወንድሜ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እኔ አራት። ያን ዘመን እምብዛም አላስታውስም። የወንድሜን እግር ግን አስታውሳለሁ። መደብ ላይ ተኝቶ፣ እግሩን ከጉልበቱ አጥፎ፣ ወደ ውጭ ዘወር አድርጎ። ገላው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ሲነኩት ይጮሃል፤ ሳይነኩት ያቃስታል። ወጌሻ መጥቶ አሸው። የዚያን ዕለት ጩኸቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እናታችን ማታ ማታ ራሱን እየደባበሰች አንዲት ቃል ትደጋግማለች፤ “ያልፋል ልጄ፣ ያልፋል።”

በዘጠነኛው ቀን በቃሬዛ ተሸክመው ከተማ ወሰዱት። በመርፌ ነፍሱ ተረፈች። የዳሌው መገጣጠሚያ ግን አልተረፈም። እግሩ አጥሮ ቀረ። ዛሬም ቀኝ ጫማውን ጫማ ሰፊ ከፍ ያደርግለታል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልጆቹን አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ አብቅቷል፤ ስለ እግሩ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። እናታችን ግን እስክታርፍ ድረስ “ያልፋል” የምትለውን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ከአፏ ስትወጣ አልሰማሁም። ሰው ሲቸገር “እግዜር ያውቃል” ትላለች እንጂ “ያልፋል” አትልም።

በእሷ መፍረዴ አይደለም። ሐኪም በሌለበት አገር “ያልፋል” ከማለት ሌላ ምን ነበራት?

ውጤቱ መጣ። ሐኪሟ ወረቀቶቹን እያየች ነገሩን ከሁለት ከፈለችልኝ። አንደኛው ጠላት ኢንፌክሽን ነው። ባክቴሪያ ወደ መገጣጠሚያው ገብቶ መግል ይቋጥራል። መግሉ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነውን ልስልስ አጥንት ይበላል፤ ግፊቱም ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደውን ደም ሊያግድ ይችላል። ይህ በሽታ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ በቶሎ ቀዶ ጥገና ገብቶ መታጠብ አለበት። ሁለተኛው እንግዳ ነው። ብዙ ጊዜ ከጉንፋን ወይም ከመሰል የቫይረስ ሕመም በኋላ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይቆጣና ጥቂት ፈሳሽ ያመነጫል። መግል የለውም፤ አጥንት አይነካም፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ከ3 እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ለድንገተኛ የዳሌ ሕመም ዋነኛው ምክንያት እሱ ነው፤ ወንዶቹን ከሴቶቹ በእጥፍ ገደማ ይይዛል።

ችግሩ ሁለቱም በር ሲያንኳኩ ድምፃቸው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሁለቱም ልጁን ያስነክሳሉ፤ ሁለቱም እግሩን ያሳጥፋሉ።

“ታዲያ በምን ትለዩታላችሁ?” አልኳት። መምህር የነበረ ሰው ጥያቄ አያልቅበትም።

በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ያሉ ሐኪሞች ያወጧቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። የልጁ ትኩሳት ከ38.5 ዲግሪ ያልፋል ወይ? እግሩን ጨርሶ አልረግጥበትም ይላል ወይ? ኢ.ኤስ.አር. የሚባለው የደም ምርመራ ከ40 ይበልጣል ወይ? ነጭ የደም ሴሎቹ ከ12 ሺህ ይበልጣሉ ወይ? በእነሱ ጥናት ለአራቱም መልሱ “አይደለም” ከሆነ መግል የመኖሩ ዕድል ከ0.2 በመቶ በታች ነበር፤ አራቱም “አዎ” ከሆኑ 99.6 በመቶ። በኋላ በሌላ ሆስፒታል ሲፈተሽ የመጨረሻው ቁጥር በጣም ዝቅ ብሏል። “ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ልጁን ማየት አለብን” አለችኝ።

የእኛ አባወራ ትኩሳቱ 37.2፤ እያነከሰም ቢሆን ረግጧል፤ ኢ.ኤስ.አር. 14፤ ነጭ ሴሎቹ 9 ሺህ 400። አልትራሳውንዱ መገጣጠሚያው ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ አሳይቷል። የዳሌው ራጅ ጤነኛ ነው።

“ትራንዚየንት ሲኖቫይቲስ ይባላል። ጊዜያዊ የዳሌ መገጣጠሚያ ብግነት ነው። ያልፋል” አለችኝ።

ቃሉን ስሰማ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ትራንዚየንትን እኔ ብተረጉመው “አላፊ” እለው ነበር፤ እንደ አላፊ አግዳሚ። ተማሪዎቼን ሰምና ወርቅ ሳስተምር “አለፈ” የሚለው ግስ ስንት ልብስ እንዳለው እንዲቆጥሩ አደርግ ነበር። መከራው አለፈ፤ ፈተናውን አለፈ፤ ሰውየው አለፈ። ሦስተኛው ሞተ ማለት ነው። እናቴና ሐኪሟ የተናገሩት ቃል በፊደል አንድ ነው። ልዩነቱ ሐኪሟ ቃሉን የተናገረችው እግሩን አንከባልላ፣ ደሙን መርምራ፣ መግሉን ፈልጋ ካጣችው በኋላ መሆኑ ነው።

“እሺ፣ መድኃኒቱስ?” አልኳት።

“ዕረፍት። አይቡፕሮፌን በክብደቱ ልክ እጽፍለታለሁ፤ ከምግብ በኋላ ይውሰድ። አስፕሪን ለልጅ እንዳትሰጡ። ማሸት የለም። ጠዋትና ማታ ትኩሳቱን ለኩ። ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ሕመሙ ከባሰበት፣ ወይም ጨርሶ አልረግጥም ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ኑ።”

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው። ሳምንት አየዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ካነከሰ እንደገና እንመረምረዋለን፤ በዚህ ዕድሜ የአጥንቱ ራስ ደም የሚያጣበት ፐርተስ የሚባል ሌላ በሽታ አለ፤ አጀማመሩ ይህን ይመስላል።”

እውነቱን ልናገር? የተታለልኩ መሰለኝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ተንከራትቼ በእጄ የያዝኩት አንዲት ወረቀትና አንዲት ጠርሙስ ነው። ሐኪሟ ፊቴን አይታ ፈገግ አለች። “ጋሼ፣ መድኃኒት አስቀርቼብዎት አይደለም። የሚያስፈልገው ይኸው ነው” አለችኝ።

ጠዋት “ለማንኛውም” ብሎ ከረጢት ያሸከመኝን ወጣት ያመሰገንኩ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ልጄን በትክክል የመረመረችውን ሐኪም ጠረጠርኳት! እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። መርፌ ያልወጋን ሐኪም “አያውቅም” የምንል፣ “ምንም አላዘዘልኝም” ብለን ጎረቤት የምናማ እኛው አይደለንም ወይ? ከዚያ ደግሞ አንቲባዮቲክ አልሠራልን ሲል እንገረማለን። ክሊኒኩ ይፈረድበታል፤ ነገር ግን ገዢ የሌለው ዕቃ ገበያ አይወጣም።

እንግዲህ መጠበቅ ተጀመረ። የአምስት ዓመት ልጅ አልጋ ላይ አቆይታችሁ ታውቃላችሁ? ቴርሞሜትሩን አልጋው ራስጌ አንጠልጥዬ፣ በደብተር ላይ ሰዓትና ዲግሪ እየጻፍኩ ሌሊቱን አነጋሁት። 36.9። 37.1። 36.8። ሕይወቴን ሙሉ የተማሪ ውጤት ስመዘግብ እንደዚያ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ጠያቂውም አልቀረም፤ ብርቱካኑም ሙዙም መጣ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው።

“ምን ሰጧችሁ?”

“ዕረፍት።”

“ዕረፍት? በቃ?”

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ ገጥሞኝ ወጣ ብዬ ስመለስ ሳሎን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እትዬ ከአጠገባቸው፤ ባለቤቴ ቆማ ጣቷን ታፍተለትላለች። ቅቤው በሲኒ ቀርቧል። ወጌሻው ናቸው! ደሜ ፈላ። የወንድሜ ጩኸት ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ልጮህ አፌን ስከፍት ሽማግሌው ተነስተው እጅ ነሱኝ።

“አይቆጡ ጌታዬ፤ አልነካሁትም። ወድቋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ አልወደቀም አሉኝ። ያልወደቀ ልጅ ምን ይሰበራል? ምንስ ይወልቃል? ሐኪም ‘አይታሽ’ ካለ ደግሞ አይታሽም። ትኩሳቱን ብቻ ጠብቁ።”

የመጡበትን ሂሳብ ልስጥዎ ብላቸው አልቀበልም ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። በጥብቅ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ እንደሚደርስ ሐኪሞች ደጋግመው ይናገራሉ፤ እውነት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ወጌሻ ሁሉ አንድ ነው ብዬ ማሰቤ ግን ትክክል አልነበረም። እኚህ ሰው ዕውቀታቸው የቱ ጋ እንደሚያልቅ ያውቃሉ። ስንቶቻችን እናውቃለን? ጠዋት “ቁም!” ያልኩት እኔ አውቄ ነበር?

ዓርብ ማለዳ አልጋዬ ላይ እንዳለሁ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጠብ… ጠብ። አንዱ ኮቴ ከሌላው ትንሽ ይቀላል። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ወጥቼ ሳይ አባወራው ቆሟል፤ በሁለት እግሩ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የሚለውን ተረት ከዚያ በፊት ሺህ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ሲሄድ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። “ማክሰኞ ዕለት ‘ቁም’ ብዬህ ነበር። ይቅርታ” አልኩት።

ዓይኑን ከካርቱኑ ሳይነቅል መለሰልኝ፤ “ውሸቴን አልነበረም እኮ፣ አባባ።”

ሳምንት ሆስፒታል ስንመለስ ኮሪደሩን በሩጫ ነው የጨረሰው። ሐኪሟ ጭኑን አዟዙራ አየችና “ሂድ ተጫወት፤ ቀስ እያልክ ግን” አለችው። በአንዳንድ ልጆች ላይ ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል ግን አስጠንቅቃናለች፤ ያኔም “ያው ነው” ብለን ቤት እንዳናስቀረው።

የእናቱ ነገር ቀረኝ። ከሰመራ ስትመለስ ነገርናት። ደስ ይላታል ብለን ነበር፤ አለፈ አይደል? አለቀሰች። “ደህና ነው ስትሉኝ እኮ ልጄ መራመድ አልቻለም ነበር! እናንተን ከዚህ በኋላ በስልክ እንዴት ልመናችሁ?” አለች። መልስ አልነበረንም። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛ ደግሞ በሽታውን ከወላድ እናት ደበቅን። ሳይመረምሩ “ያልፋል” ማለትና እያወቁ “ደህና ነው” ማለት ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም የሚነገሩት ለበሽተኛው ሳይሆን ለተናጋሪው መጽናኛ ነው።

ቅዳሜ ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት። በሕመሙ ሰሞን አልደወልኩለትም፤ ፈርቼ ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አጫወትኩት። የልብስ ስፌት መኪናው ሲያጉረመርም ይሰማኛል። “እግሩን አጥፎ፣ ወደ ውጭ ዘወር አድርጎ…” ስል መኪናው ቆመ።

“ትኩሳት ነበረው?” አለኝ።

“አልነበረውም።”

“ደሙ ታየ?”

“ታየ። ንጹሕ ነው። ያንተ ነገር ምን እንደነበር ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። መግል ሳይሆን አይቀርም፤ አሁን ላይ ሆኖ በእርግጠኝነት መናገር ግን አይቻልም ነው ያለችኝ።”

ብዙ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

“እማዬ ኖራ ይህን ብትሰማ” አለ በመጨረሻ፤ “ጥፋቱ የሷ እንዳልነበረ ታውቅ ነበር። ትኩሳቱን ያየችው እሷ ናት፤ የምታሳየው ሰው ነበር ያጣችው።”

ከዚያ መኪናውን መልሶ አስነሳና “ልጁን ሳምልኝ። ጫማ ስትገዙለት ሁለቱን እግሩን አስለኩት” አለኝ።